የክፍል 07 ቆጠራ

አሳየሽ በሠላሳ ዓመት የሥራ ዘመኗ የመንግሥት ንብረት የሆነ አንድ ማንኪያ እንኳ ጠፍቶባት አያውቅም። ይህን ሌላ ሰው ቢመሰክርላት ያምርባት ነበር፤ እሷ ግን ሌላው እስኪናገር መጠበቅ ስለማይሆንላት ራሷ ትናገረዋለች። መጀመሪያ አረካ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት መጋዘን ጠባቂ ነበረች። ከአረካ ወደ ቦምቤ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ተዳፋቱ ላይ፣ ሳሮ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ደግሞ የሴቶች ማደሪያ ፕሮክተር ሆነች። አልጋ ትደለድላለች፣ ቁልፍ ትይዛለች፣ ከሁሉም በላይ ግን ትቆጥራለች።

በእሷ ሥር የምትመደብ አዲስ ገቢ ተማሪ ሁሉ እሷ ፊት ቆማ ትፈርማለች፤ አልጋ አንድ፣ ፍራሽ አንድ፣ የሎከር በር አንድ ከነማጠፊያው። ዓመቱ ሲያልቅ ልጆቹ ፍራሻቸውን ተሸክመው ሜዳ ላይ ይሰለፋሉ፤ አሳየሽም መዝገቧን ይዛ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትቆጥራለች። ያላስቆጠረች ክሊራንስ የላትም፣ ክሊራንስ የሌላት ደግሞ ውጤቷን አታይም። ስለዚህ በግቢው ውስጥ ፕሬዚዳንቱን የማይፈሩ ልጆች አሳየሽን ይፈሯታል። ፊት ለፊት «ማዘር» ይሏታል፤ ከኋላዋ የሚሏትን እሷም ታውቃለች፣ እኛም እዚህ አንደግመውም።

ዘንድሮ የተመደቡት ፍሬሾች ከአልጋው በለጡ። የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊ አቶ ዱባለ መላ መታ። ብሎክ 14 የመማሪያ ሕንፃ ነበር፤ ከታች ካሉት ክፍሎች የአንዱን ወንበሮች አስወጥቶ አሥራ ሁለት ተደራራቢ አልጋ አስገባበትና ሃያ አራት ልጆች አሳደረበት። ክፍል 07 እንዲህ ሆኖ ነው ማደሪያ የሆነው። ጥቁር ሰሌዳው ከግድግዳው አልወረደም። ላዩ ላይ አንድ መምህር ጀምሮ የተወው ስሌት አለ፤ ልጆቹ ፎጣቸውን ከሥሩ፣ የጠመኔ ማስቀመጫው ላይ ያሰጣሉ። ፎቁ ላይ ገና ትምህርት ይሰጥ ስለነበር፣ ክፍለ ጊዜ ባለቀ ቁጥር የወንበሩ መንቋቋት በራሳቸው ላይ ያልፋል።

ከሃያ አራቱ አንዷ ማክዳ ናት፤ ከሁምቦ የመጣች የአሳየሽ የወንድም ልጅ። ወንድሟ ልጁን ይዞ መጥቶ፣ እንግዲህ እናቷም አባቷም አንቺ ነሽ ብሎ ነው የሄደው። አሳየሽ ለዘመድ አታደላም ይባል ነበር፤ ያን ቀን ግን አደላች። ማክዳን ብርድ እንዳይመታት ከበሩ አራቀችና፣ ከሰሌዳው አጠገብ ጥግ ላይ ያለውን የታችኛውን አልጋ ሰጠቻት። ከክፍሉ ሁሉ የተሻለው ቦታ እሱ ነበር።

ስንጥቁ የጀመረውም እዚያው ጥግ ላይ ነው። ኅዳር ላይ በእርሳስ የተሰመረ ይመስል ነበር። ጥር ላይ የአምስት ሳንቲም ጠርዝ ገባበት። ልጆቹ ሲያመለክቱ አቶ ዱባለ ኢንጂነር ሚልክያስ የሚባል ወጣት ይዞ መጣ። ሚልክያስ ስንጥቁን አሻግሮ ሦስት ቀጫጭን መስታወት፣ አንዱን ከላይ፣ አንዱን መሐል፣ አንዱን ከታች ለጠፈ። እያንዳንዱ የሁለት ጣት ስፋት፣ የአንድ መዳፍ ርዝመት አለው፤ ግራና ቀኙ በጀሶ ተይዟል። ከጎኑ በእርሳስ «ጥር 12» ብሎ ጻፈ። ለአቶ ዱባለ ግማሹን በእንግሊዝኛ እያደረገ ብዙ አስረዳው። ወደ አሳየሽ ሲዞር ግን ቸኩሎ ነበር።

«እማዬ፣ ይሄን ማንም እንዳይነካው። ተመልሼ ስመጣ እንዳለ እንዳገኘው፣ አደራ።»

«በመዝገብዎ ይግባ» አለ አቶ ዱባለ።

አሳየሽም በክፍል 07 ገጽ ላይ፣ ከመስኮት መጋረጃው ቀጥሎ፣ «መስታወት፣ ትንሽ፣ 3» ብላ አስገባች። ለምን እንደተለጠፈ የነገራት የለም፤ እሷም አልጠየቀችም። ብዛቱን ማወቅ እንጂ ጥቅሙን መጠየቅ ልማዷ አልነበረም። ይኸው ልማዷ ነው ጉድ ያፈላው።

የካቲት መጨረሻ ላይ የበልጉ ዝናብ ጣለ። በማግሥቱ የመሐሉ መስታወት ለሁለት ተሰብሮ ተገኘ። አሳየሽ ልጆቹን በሙሉ አቆመቻቸው። ማን እንደሰበረው ጠየቀች።

«ማንም አልነካውም አክስቴ» አለች ማክዳ። «ተኝቼ ሰምቼዋለሁ። በራሱ ነው ቅጭ ያለው።»

«መስታወት በራሱ ተሰበረ ሲባል ገና ዛሬ መስማቴ ነው» አለች አሳየሽ።

ብትቆጣም ሆዷ አልጨከነም። ብትመዘግበው ሃያ አራት ልጆች በአንድ መስታወት ክሊራንስ ሊከለከሉ ነው። እሷም ሰኔ ላይ ጡረታ ትወጣለች፤ በሠላሳ ዓመት መዝገቧ ላይ አንድ ጉድለት አስፍራ መውጣት ሞቷ ነው። ስለዚህ የተረፈውን መስታወት በክር ለካችና ቅዳሜ በሚኒባስ ሶዶ ወረደች።

መስታወት ቆራጩ ቦልቴ ልኩን አይቶ ሳቀ። «ይሄ ምኑ ነው፣ ለወፍ ቤት መስኮት ልታደርጊ ነው?»

«ቁረጥና ስጠኝ። ውፍረቱ አንድ ይሁን።»

ለማንኛውም ብላ ትርፍ አስቆረጠች። ቀለም ቀቢዎች ጥለውት የሄዱትን ጀሶ በጥብጣ፣ ልጆቹ ክፍል በሄዱበት ሰዓት መስታወቱን ለጠፈች። ጀሶውን ስትጠርግ የጠፋውን «ጥር 12» ምላሷን ነክሳ፣ የኢንጂነሩን እጅ አስመስላ ደግማ ጻፈችው። የተሰበረውን አልጣለችም። የመንግሥት ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ሳያየው አይጣልም፤ ኮሚቴው ደግሞ በተሰበሰበ ጊዜ ይሰበሰባል። ስብርባሪውን በወረቀት ጠቀለለች፣ ወረቀቱ ላይ የተሰበረበትን ቀን ጻፈች፣ በባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ አድርጋ ቢሮዋ አስቀመጠችው። ከዚያ እፎይ አለች።

መጋቢት ላይ ሦስቱም ተሰበሩ። አሁን ተናደደች፤ ልጆቹ ተማክረው ያሾፉባት መሰላት። እንደገና ለጠፈች፣ እንደገና ጠቀለለች፣ እንደገና ቀን ጻፈች።

በዚያው ሰሞን ክፍል 07 ሌላም ሌላም አመል አወጣ። በሩ አልገጥም አለ። እርጥበት አሳብጦት ነው ብላ አናጢ አስጠርታ አስላገችው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና አልገጥም አለ። ማክዳ ጠዋት ጠዋት ትራሴ ላይ ደቃቅ አሸዋ አገኛለሁ አለቻት፤ አሳየሽ ስለ መጥረግ ረጅም ምክር ሰጠቻት። ወለሉ ላይ የወደቀ እስክሪብቶ ሳይገፉት ተንከባሎ ሰሌዳው ሥር ይቆማል፤ ልጆቹ በዚህ እየተወራረዱ ይስቁ ነበር። አንድ ቀን አሳየሽም ቆማ አየችው። እስክሪብቶው ቀስ ብሎ ሄደ፣ ሄደ፣ ጥጉ ላይ ደርሶ ማክዳ አልጋ ሥር ገባ። ደስ አላላትም። ቢሆንም እስክሪብቶ በመዝገቧ የለም፤ ትታው ወጣች።

ሚያዝያ ላይ፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ፣ ኢንጂነር ሚልክያስና አቶ ዱባለ መጡ። አቶ ዱባለ ሌሎች ሃያ አራት ፍሬሾች አዳራሽ ውስጥ መሬት ላይ እያደሩበት ስለነበር፣ ከላይ ያለውን ክፍል 17 ለእነሱ ማድረግ ፈልጓል። ሚልክያስ የስልኩን መብራት አብርቶ ጥጉ ላይ አጎነበሰ። ረጅም ጊዜ ቆየ።

«ስንጥቁ ሰፋ ብሎ ነው የታየኝ» አለ።

«ታዲያ ምን ይባል?» አለ አቶ ዱባለ ሰዓቱን እያየ።

ሚልክያስ ሦስቱንም መስታወት አንድ በአንድ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፤ ቀኑን አነበበ። ፊቱ ተፈታ። «አይ፣ ለዓይኔ ነው እንጂ አልሰፋም። ሰው ይሳሳታል፣ መስታወቱ ግን አይዋሽም። ግድግዳው በፀጉር ያህል ቢንቀሳቀስ ኖሮ ይሄ ይሰበር ነበር። የሚለጠፈው ለዚሁ ነው። አንዱን ብቻ ተሰብሮ ባገኘው ዛሬውኑ ሕንፃውን አስለቅቄ ነበር።»

አሳየሽ በሩ ላይ ቁልፎቿን ይዛ ቆማለች። የሰማችው ቃል ጆሮዋ ላይ ቀረና ወደ ውስጥ እስኪገባ ጊዜ ወሰደ። ሲገባ በሩ አጠገብ ያለውን አልጋ ብረት ያዘች። አንዱን ብቻ። በእሷ ቆርቆሮ ውስጥ ያሉት አራት ናቸው።

ሚልክያስ ሊወጣ ሲል ትከሻዋን ነካ አደረጋት። «እማዬ፣ በደንብ ጠብቀውታል። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ሥራዬ ነው» አለች።

ሌላ ቃል ልትጨምር አፏን ከፍታ ነበር፤ ሰዎቹ ኮሪደሩን አልፈው ሄደዋል። ከሰዓት በኋላ ሕንፃው ለማደሪያ ብቁ ነው የሚል ደብዳቤ ወጣ፤ ክፍል 17 ሰኞ ጠዋት አልጋ ይገባበታል። ሚልክያስ በዚያው ዕለት ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄደ።

ዓርብ አሥር ጊዜ ደወለችለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። ወደ አቶ ዱባለ ቢሮ ሁለት ጊዜ ሄዳ ሁለት ጊዜ ከበሩ ተመለሰች። ምን ብላ ትጀምር? የሠላሳ ዓመት ስሟን በገዛ አፏ ልታፈርሰው ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤው ሲጸልይ እሷም ዓይኗን ጨፈነች፤ ስትጨፍን የሚታያት እየተንከባለለ የሚሄደው እስክሪብቶ ነው። ፈራች። ንብረት እንዳይጠፋ ስትፈራ ኖራለች፤ በዚህኛው ፍርሃት ግን የሚታያት ወንድሟ በር ላይ ቆሞ «ልጄስ?» ሲላት ነበር።

ከጸሎት ስትወጣ በቀጥታ ክፍል 07 ሄደች። ልጆቹ ከካፌ መልስ አልጋ ላይ ተደርድረው ያጠናሉ።

«ማክዳ፣ ዕቃሽን ያዢ። ለጥቂት ቀን እኔ ቤት ትሆኛለሽ» አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ለምን አክስቴ? ፈተና ደርሶ የለ?»

«ብርዱ… ጥጉ ይበርዳል።»

ማክዳ አየቻት፤ ከእሷም አሻግራ ግድግዳውን አየችው። ልጅቷ ሞኝ አይደለችም።

«እነሱስ?» አለች።

ያቺ አንዲት ቃል አሳየሽን አቃጠለቻት። ማክዳ ንቅንቅ አላለችም። አሳየሽ እያፈረች ቤቷ ገባች።

ሰኞ ከማለዳ ጀምሮ ዝናቡ ያለ ፋታ ይወርዳል። ከተዳፋቱ የሚመጣው ቀይ ጎርፍ ቦዩን ሞልቶ የብሎክ 14ን መሠረት እየላሰ ያልፋል። አሳየሽ ክፍል 07 ስትገባ ልጆቹ ወደ ክፍል ለመሄድ እየተሰናዱ ነው። ወደ ጥጉ ሄደች። የላይኛውና የመሐሉ መስታወት ተሰብረዋል። የታችኛው ብቻ ቀርቷል።

አሁን ለማን ትንገር፣ ማንስ ይሰማታል? ሕንፃው ሊወድቅ ነው ብትል ልጆቹ ዶክመንቴን፣ ላፕቶፔን እያሉ እርስ በርስ ይረጋገጣሉ፤ ገሚሶቹም ይስቁባታል። ደብዳቤው ቦርድ ላይ ተለጥፎ አንብበውታል። አሳየሽ ግን ሠላሳ ዓመት ስትለው የኖረችው፣ ማንም ስቆበት የማያውቅ አንድ ቃል አላት።

«ቆጠራ ነው» አለች መዝገቧን ከፍታ። «ፍራሽና ሻንጣ ይዛችሁ ወደ ካፌው በረንዳ። አሁን።»

«በዝናብ ማዘር? በሚያዝያ?»

«ያላስቆጠረች ክሊራንስ የላትም።»

እያጉረመረሙ ወጡ። ሃያ አራት ልጅ ፍራሽ በራሷ ላይ አድርጋ፣ በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተተች፣ እየተራገመች ወጣች። ማክዳ የመጨረሻዋ ሆና ወጣች። አሳየሽ በሩን ስባ፣ በትከሻዋ ገፍታ፣ በግድ ቆለፈችው። በረንዳው ላይ ሁለት ጊዜ ቆጠረቻቸው። ሃያ አራት።

አቶ ዱባለ ጃንጥላ ይዞ እየሮጠ መጣ። «ማን ፈቀደልዎ? ይሄ ሁሉ ፍራሽ እየራሰ!»

አሳየሽ ቢሮዋ ገብታ ቆርቆሮውን አመጣችና በእጁ ሰጠችው። ወረቀቶቹን ፈታ። የካቲት። መጋቢት። ስብርባሪው ጣቱን ሲቧጥጠው ቀና አለ።

«ሦስቱንም እየተካሁ የለጠፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «ለምን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። ካወቅሁ አራት ቀን ሆኖኛል፤ ዝም ያልኩበት ኃጢአቱ የእኔ ነው። ዛሬ ደግሞ ሁለቱ ተሰብረዋል።»

አቶ ዱባለ ፊቱ ተለዋወጠ። በመጀመሪያ የተቆጣ መሰለ፤ ቀጥሎ ደብዳቤው ላይ ያለው ፊርማ የራሱ መሆኑ ትዝ አለው። ወደ እሷ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይሄን ማን ያውቃል?»

«እግዚአብሔርና እርስዎ።»

«እንግዲያው እዚህ ይቅር። እኔ ባለሙያ አስጠራለሁ፤ ኮሚቴ ይቋቋማል። እርስዎም ሰኔ ላይ በክብር ይወጣሉ። እስከዚያ ልጆቹ ይመለሱ። ሌላ አልጋ የለኝም፣ የት ላድርጋቸው? ቁልፉን ያምጡ።»

ጡረታዋ፣ ንጹሕ መዝገቧ፣ ክብሯ፣ ሁሉም ከፊቷ ተዘረጋላት። መቀበል ብቻ ነበር የቀራት። በአቶ ዱባለ ትከሻ ላይ አሻግራ ማክዳን አየቻት፤ እርጥብ ፍራሿ ላይ ተቀምጣ ታያታለች።

«ቁልፍ በቃል አይሰጥም» አለች አሳየሽ። «በርክክብ ነው። ገብተው ንብረቱን ቆጥረው ይፈርሙልኝ፤ ከዚያ ክፍሉም ልጆቹም በእርስዎ ስም ይሁኑ።»

«አሁን የርክክብ ሰዓት ነው?»

«ካልፈረሙ አልሰጥም።»

አቶ ዱባለ ተነፈሰና ቀደማት። በሩን ሁለቱም ገፍተው ከፈቱት። ክፍሉ ባዶውን ሲታይ እንደገና መማሪያ መሰለ፤ ሰሌዳው ላይ ያላለቀው ስሌት አለ። ፎቁ ላይ የዕለቱ ትምህርት ገና አልተጀመረም፤ ብረት ግን ወለሉን እየፋቀ ይሄዳል።

«ምንድነው እሱ?» አለ አቶ ዱባለ።

«የክፍል 17 አልጋ ነው። ራስዎ ያዘዙት። ፍሬሾቹ እየገቡ ነው።»

አልጋ ቆጠረች። ሎከር ቆጠረች። መጋረጃ ቆጠረች። «መስታወት፣ ትንሽ፣ ሦስት» ብላ አነበበችና በእርሳሷ ጥጉን አሳየችው። አቶ ዱባለ ለማየት አጎነበሰ። ከላይ አንድ ከባድ ነገር ዱብ ሲል፣ የታችኛው መስታወት ዓይኑ ሥር ቅጭ አለ። ማንም አልነካውም። ከስንጥቁ ደቃቅ አሸዋ ፈሰሰና በጫማው ላይ ወረደ።

አቶ ዱባለ ቀና አለ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ፣ ሁለት ሄደ፣ ከዚያ ዞሮ በሩን ሲያልፍ እየሮጠ ነበር፤ ጃንጥላው የማክዳ አልጋ ላይ ቀረ።

አሳየሽም ልትከተለው ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ ከላይ ሳቅ ሰማች። ሃያ አራት ልጆች፤ ወራት መሬት ላይ ካደሩ በኋላ ዛሬ አልጋ ያገኙ። በእሷ መዝገብ የሉም። የክፍል 17 ቁልፍም የሌላ ፕሮክተር ነው፣ የእሷ አይደለም። ደረጃውን ያዘችና በስልሳ ዓመት ጉልበቷ ሽቅብ ሮጠች።

«ቆጠራ ነው፣ ውጡ!» አለች በሩን ከፍታ።

ልጆቹ አያውቋትም፤ ቃሉን ግን ፊርማቸው ገና ስላልደረቀ ያውቁታል። አንዲት ቀጭን ልጅ ወዲያው ፍራሿን መጠቅለል ጀመረች።

«ተዪው» አለቻት አሳየሽ።

«ፈርሜበታለሁ እኮ ማዘር።»

«ይጥፋ። ይሰበር። ሁሉንም ተዉትና ራሳችሁን ብቻ ይዛችሁ ውረዱ።»

በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ድምፅዋ ውስጥ ምን እንደነበር እንጃ፣ ልጆቹ ሳይጠይቁ ተነሡ። አሳየሽ በሩ ላይ ቆማ እያንዳንዷን ትከሻዋን እየነካች ቆጠረች። አንድ። ሁለት። አሥር። ቀጭኗ ልጅ አሥራ ዘጠነኛ ሆና አለፈች። ሃያ ሦስት። ሃያ አራት።

መጨረሻዋ ደረጃውን ስትወርድ፣ አሳየሽ እጇ እንዳስለመዳት በሩን ልትዘጋ ጎተተችው። ስትገባ ደህና የነበረው በር አልገጥም አለ። ሁለተኛ አልሞከረችም፤ ክፍቱን ትታው ወረደች።